አይሱዙውን ከፍ እናድርገው? የጥንድ ጎማ ታሪክ በከፋ መንገድ

ባለፈው ሚያዝያ ቦንጋ ከተማ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር መሐንዲስ መሆኔን ከመካኒኩ ሰምቶ ጠጋ አለኝ። «ኢንጂነር፣ ባሌስትራ ጨምሬ ከፍ ላድርገው ወይስ ጎማውን በትልቅ ልለውጠው?» መኪናው በብድር የተገዛ ነው። ከጌሻ በኩል ጀንፈል ቡና ጭኖ ሲመለስ ጭቃ ይዞት ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሯል። «ሁለቱንም አድርገው» አልኩት፤ በደንብ ሳላስብበት። ማታ ስሌቱን ሠርቼ፣ ታሪኩንም ሳገላብጥ ምክሬ ግማሹ የማይረባ፣ ግማሹ ደግሞ አደገኛ መሆኑ ገባኝ።

ከቃላቱ እንጀምር። ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ካምቢዮ፣ ጋቢና፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጭነት መኪና ሙያ ወደ ጋራዦቻችን በየት በኩል እንደገባ ራሳቸው ይናገራሉ። ከዚያ በፊት ቦንጋ የሲራራ ንግድ መነሻ ነበረች። ከከፋ የሚወጣው ሸቀጥ በጅማ በኩል አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ገበያ ድረስ ይጓዝ ነበር። ተሸካሚዋ በቅሎ ናት። በነገራችን ላይ በቅሎ ለጭቃ ጥሩ ማሽን ነች፤ እግሯን አንድ በአንድ እየመዘዘች ትሄዳለች እንጂ እንደ ጎማ ጭቃውን ከፊቷ እየገፋች አትሄድም።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባን ከጅማ በመኪና መንገድ አገናኙ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ፊያት 682 ኤን 3ን አባቶቻችን «ኤንትሬ» ብለው ያውቁታል። ኤንትሬም ሆነ የዛሬው አይሱዙ አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ከፊት ነጠላ፣ ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ።

ጥንድ ጎማ ለምን መጣ? የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች የሚሄዱት ንፋስ በሌለው ድፍን ጎማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጉድይር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ንፋስ ባለው ጎማ የጭነት መኪና ከአክሮን ወደ ቦስተን ልኮ አዲሱ ጎማ ለረጅም ጉዞ እንደሚሆን አሳየ። ግን ንፋስ ያለው አንድ ጎማ የሚችለው ክብደት የተወሰነ ነው። የኋላው አክሰል ደግሞ አብዛኛውን ጭነት ይሸከማል። ቀላሉ መፍትሔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰር ሆነ፤ ክብደቱ ይካፈላል፣ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ለጊዜው ይይዛል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የታሰበው ለጠንካራ መንገድ ነው።

ጭቃ ላይስ? በወረቀት ላይ አራት ጎማ ክብደቱን በሰፊው ስለሚዘረጋ የሚሻል ይመስላል። ይህን በትልቁ የሞከሩት ሶቪየቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጡት ዚስ-151 የጭነት መኪና ከኋላ ጥንድ ጎማ ነበረው። ችግሩ ቶሎ ታየ። የፊት ጎማ የቀደደውን መስመር የኋላው አይከተልም፤ ጥንዱ የራሱን አዲስ ቦይ መቆፈር አለበት፣ ለዚህም ጉልበት ይባክናል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ጭቃና ድንጋይ ይሸጎጣል። እ.ኤ.አ. በ1958 የተካው ዚል-157 ጥንዱን ጥሎ በየጎኑ ትልልቅ ነጠላ ጎማ አሰረ፤ ሾፌሩም ከጋቢናው ሳይወርድ የጎማውን ንፋስ መቀነስና መጨመር ቻለ። በደርግ ዘመን እዚህ የምናውቀው ኡራልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ኡራል ከጭቃ ሲወጣ ያየ ሰው ሞተሩን ያመሰግናል፤ እኔ ግን ከምስጋናው ትንሽ ለጎማው አካፍላለሁ።

እንግዲህ ወደ ሾፌራችን ጥያቄ እንመለስ። ባሌስትራ ሲጨመር ከፍ የሚለው ሻንሲውና ጭነቱ ነው። ጭቃ ላይ የሚቀመጠው ግን ዲፈረንሻሉ ነው፤ እሱ ደግሞ ከአክሰሉ ጋር እዚያው ታች ይቀራል። አክሰሉን ከፍ የሚያደርግ ጎማ ብቻ ነው። ስንት ያህል? 7.50-16 ጎማ ቁመቱ ወደ 805 ሚሊ ሜትር፣ 8.25-16 ደግሞ ወደ 860 ነው። ግማሹን ስንወስድ ትርፉ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሦስት ሳንቲም እንኳን አይሞላም!

የሚከፈለው ዋጋ ግን ብዙ ነው። አዲሱ ጎማ ከበፊቱ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። የሁለቱ ቸርኬዎች ርቀት ስለማይለወጥ በጥንዱ መካከል ያለው ክፍተት በዚያው ልክ ይጠባል። ጭነት ሲበዛ የጎማው ጎን ከታች ይለጠጣል፤ ሁለቱ ከተፋጩ ይግላሉ፣ ይፈነዳሉ። በዚያ ላይ ጎማው 7 በመቶ ገደማ ስላደገ፣ ሰዓቱ 80 ሲል መኪናው 85 ይሮጣል። ሞተሩ መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጉልበትና የፍሬኑ የመያዝ ኃይል በ6 በመቶ ይቀንሳሉ። ከቦንጋ ወደ ጅማ ሲወጣ የጎጀብን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህቺን 6 በመቶ አይንቃትም።

የባሌስትራው ነገር ይብሳል። ለምሳሌ የኋላ ጎማዎች የመሃል ለመሃል ስፋት 1.7 ሜትር፣ የተጫነው መኪና የክብደት ማዕከል ከመሬት 1.5 ሜትር ቢሆን፣ ቆሞ ሳለ መንገዱ ወደ ጎን 30 ዲግሪ ገደማ እስኪያዘነብል አይገለበጥም። 15 ሳንቲም ከፍ ስናደርገው ወደ 27 ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጀንፈል ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ጭነት ስለሆነ ጆንያው ወደ ላይ ይቆለላል፤ ዝናብ የመታው የከፋ ቀይ አፈር ደግሞ መኪናውን ወደ ጎን ያንሸራትታል፤ ሲንሸራተትም ድንገት ቦይ ውስጥ ይገባል። በዚህ ላይ ጆንያው ላይ ሰው ተቀምጦ ይሄዳል። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ሾፌሩን ፈልጌ አገኘሁትና ምክሬን አነሳሁ። ብሩን ገና አላወጣም ነበር። በጥንዱ ጎማ መካከል ጣታችንን አስገብተን ለካን፤ ሁለት ጣት በግድ ይገባል። ትልቁ ጎማ ያኔውኑ ቀረ። የረገበውን ባሌስትራ ወደ ቀድሞ ቁመቱ አስመልስ፣ ከኋላ በልኩ ጥርሳም ጎማ እሰር፣ የጥንዱ ቁመት እኩል ይሁን (አለበለዚያ ረጅሙ ብቻውን ይሸከማል)፣ ሰንሰለት ያዝ፣ በዝናብ ወቅት ጭነት ቀንስ አልኩት። እስከ ሰንሰለቱ ድረስ ተስማማ።

«ጭነት ከቀነስኩማ ብድሩን ማን ይከፍልልኛል?» አለኝ። ስሌቴ ውስጥ ወለድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ስደውልለት ጥርሳም ጎማዎቹን ገዝቷል፤ ባሌስትራውንም አስጠግኖ በቁመቱ ትቶታል። ጆንያውን ግን አልቀነሰም።