ከኮሶ እስከ ኮአርተም፤ መድኃኒት የመዋጥ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

በጎጃም መድኃኒት ለብዙ ዘመን ሲታጠን፣ ሲቀባ፣ በአንገት ሲታሰር፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሲጠጣ የኖረ ነገር ነው። ደረቅ ሆኖ ምላስ ላይ የሚቀመጥ፣ ከኋላው አንድ ጉንጭ ውኃ የሚላክበት ክኒን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር የተለመደው ትናንት በሚባል ጊዜ ነው፤ ሲመጣ ያዩ አዛውንት ዛሬም አሉ። ስለዚህ በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ክኒኑን በመዳፋቸው ይዘው የሚያመነቱ እናት ሲታዩ «ፈርተው ነው» ብሎ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም። እኒያ እናት መድኃኒት አይፈሩም። ከክኒን በብዙ እጥፍ የሚመር መድኃኒት ሲጠጣ እያዩ ያደጉ ናቸው። የጎደለው ሌላ ነው።

ኮሶን እናንሣ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ዛሬ በሰከላ ወረዳ ከሚገኘው ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ኮሶ ዛፍ በሰፊው ጽፏል። አንድ እፍኝ የደረቀ አበባ በጤፍ ጠላ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ጧት ይጠጣል፤ የጠጣው ሰው ያን ዕለት ቤቱ ይውላል እንጂ ለወዳጆቹም ቢሆን አይታይም ይላል። ጥሬ ሥጋ የሚወደው ያገራችን ሰው የኮሶ ትሉን በየሁለት ወሩ ገደማ በዚህ መንገድ ሲያስወጣ ኖሯል። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ ይመለሳል፣ ጉዳይም ለነገ ያድራል።

አጠጣጡ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል። ጎሕ ሲቀድ፣ ምንም ሳይቀመስ፣ ዋንጫው ይቀርባል። ጠጪው አያጣጥመውም፤ ትንፋሹን ይዞ ባንድ ጊዜ ይገለብጠዋል። ከዚያ ማቅለሽለሹ ይመጣል፣ አፍ ምራቅ ይሞላል፣ ፊት ይጨማደዳል፤ ዛሬም ፊቱን ያጨፈገገ ሰው «ኮሶ የጠጣ ይመስላል» የሚባለው ስለዚህ ነው። አጠገቡ የሚያበረታታ ሰው አለ። ሥራ የለም፣ መንገድ የለም። ትሉ ወጥቶ ሆድ ባዶ ሲሆን ነው የሚበላው። ኮሶን ላሞካሽ አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ዓይን የሚጎዳ፣ ሲከፋም የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ግን አንድ ነገር በትክክል ያውቅ ነበር፤ መድኃኒት ወደ ሆድ ማውረድ በራሱ ሥራ መሆኑን። ጊዜ ተሰጥቶታል፣ ረዳት ተመድቦለታል፣ መምረሩም አልተካደም።

ለልጅ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ልጅ አይለመንም፣ ይጋታል። እግሩ በእናት ጭን መሐል ይያዛል፣ አፍንጫው ይቆነጠጣል፣ አየር ለመሳብ አፉን ሲከፍት መድኃኒቱ ይንቆረቆርበታል። ፈሳሽ ስለነበር ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ይህ ልማድ ኋላ ከክኒን ጋር ሲገናኝ ምን እንዳመጣ እመለስበታለሁ።

ጉሮሮ በጎጃም ቀድሞውንም የሥጋት ቦታ ነው። ሕፃን ጡት አልይዝ ሲል፣ ሲያስለው ወይም ሲያስመልሰው «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ፈንድቶ ይገድለዋል» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል። እንጥል ማስቆረጥ በአማራ ክልል ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ተመድቦ ለዓመታት ትምህርት ተሰጥቶበታል፤ ደም መፍሰስ፣ ቁስል ማመርቀዝና መንጋጋ ቆልፍ ያስከትላልና። እንቅርትም አለ። አዮዲን በጎደለው በዚህ ደጋና ወይናደጋ አንገቷ ያበጠ እናት ማየት ብርቅ አልነበረም፤ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንቅርት ሲገዝፍ የምግብ ቱቦን ይጫናል፣ እንጀራውም ክኒኑም ይተናነቃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እንጥሉ በምላጭ የተቆረጠ፣ ወይም ሲቆረጥ ያየ ሰው ጉሮሮውን በቀላሉ ለባዕድ ነገር እንደማይከፍት ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ክኒኑ ራሱ የመጣው ከሩቅ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊና የፈጠራ ሰው ዊልያም ብሮክደን እ.ኤ.አ. በ1843 ዱቄትን በብረት ቅርጽ ውስጥ አድርጎ በመጫን ጠጣር ማድረግ የሚቻልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ መጠኑ አንድ ዓይነት፣ ለመቁጠርና ለማጓጓዝ የሚመች፣ ቶሎ የማይበላሽ። እነዚህ ሁሉ የሠሪው፣ የነጋዴውና የሐኪሙ ምቾቶች ናቸው። የዋጪውን ጉሮሮ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ጎጃም በብዛት ያመጣው ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ወባ ከቆላ ወጥቶ ወባ ወዳልለመደው ከፍታ ወጣ። በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 የሚሆን እንደሞተ ይገመታል፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያሉ ቦታዎች ክፉኛ ተመቱ። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ያሉት በዚሁ እርከን ላይ ነው። በማግሥቱ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ቤት ለቤት የትንኝ መርዝ የሚረጩ ሠራተኞች መጡ፣ ክሎሮኪን የተባለው ክኒንም መጣ።

ክሎሮኪን ክፉ ምግባር አለው። ብዙ ጊዜ ልባስ ስለሌለው ምራቅ ሲነካው መሟሟት ይጀምራል። ወዲያው ካልተዋጠ ምሬቱ አፍ ይሞላል፤ ምሬቱ ጉሮሮን ይዘጋል፤ ጉሮሮ ሲዘጋ ክኒኑ ይቆያል፤ ሲቆይ ይብሱን ይሟሟል። የፈራ ሰው ከማይፈራው ይበልጥ የሚመረው ስለዚህ ነው። በላዩ ላይ ሰውነት ያሳክካል። በየቤቱ ክኒኑን ከምላስ ሥር ደብቆ ከጓሮ የሚተፋ፣ ሁለቱን ውጦ ሁለቱን ለሌላ ቀን በመቀነት የሚቋጥር ሰው የበዛው በክፋት አልነበረም። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት መድኃኒቱን ሲለምድ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ወደ ኮአርተም ተሻገረች። ለሌላው ዓይነት፣ ለቫይቫክስ፣ ግን ያው መራራው ክሎሮኪን ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ኮአርተም ምሬቱ ቢቀልም ብዛቱ ፈተና ነው። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ አራት፣ በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን፤ በድምሩ 24 ቢጫ ክኒኖች። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ደም ውስጥ በደንብ አይገባም። እንግዲህ ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ምግብ አይወድም፣ ረቡዕና ዓርብም አለ። «ወተት ጠጥተው ይዋጡት እማማ» ሲባሉ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጾም ነው» የሚሉትን ሴት ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ምን ትበል? ብልሆቹ ዘይት ጠብ ያለበት ሽሮ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይላሉ፤ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩም ይመክራሉ። በጠበል ረገድም እንዲሁ መንገድ ተገኝቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን ቢወስዱ ኃጢአት እንደሌለበት በአደባባይ መናገራቸው ለብዙ ሰው ክኒኑን ከጉሮሮ በታች ያወረደ ቃል ነበር።

አሁን ወደ ልጆቹ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ሕፃናት መድኃኒት ደኅንነት ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ኢትዮጵያ በመጥፎ ተጠቅሳለች። ሦስት ዓመት ያልሞላቸው አራት ሕፃናት በትላትል ማስወገጃ ዘመቻ ትልልቅ የአልቤንዳዞል ክኒን ሲሰጣቸው ታንቀው ሞቱ። በበሽታ አልሞቱም፤ መድኃኒቱም መርዝ አልሆነባቸውም። ክኒኑ የአየር ቧንቧ ዘጋ፣ አለቀ። ያን ዕለት በእያንዳንዱ ጣቢያ የሆነውን አላየሁም፤ ነገር ግን የሚያለቅስን ልጅ አፍንጫ ይዞ መጋትን እንደ ብልኃት በያዘ አገር ደረቅ ክኒን ማደል ምን እንደሚጋብዝ መገመት አያቅትም። መመሪያው ከዚያ ወዲህ ጠንክሯል፤ ለትንንሽ ልጆች ክኒኑ በሁለት ማንኪያ መሐል ይደቅና በውኃ ይበጠበጣል፣ የሚያለቅስና የሚፈራገጥ ልጅ በግድ አይሰጠውም፣ አፍንጫም አይያዝም።

ለጉሮሮ ያሰቡ መድኃኒቶችም መጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በውኃ የሚሟሟው ጣፋጭ የልጆች ኮአርተም ተሠራ። እናትየዋ ክኒኗን ማንኪያ ላይ ታደርጋለች፣ ትንሽ ውኃ ጠብ ታደርጋለች፣ ክኒኗ ተፈርፍራ ቢጫ ፈሳሽ ትሆናለች፤ ልጁ ማንኪያውን ይልሳል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአማራ ክልል ሲካሄድ በነበረው የወባና የትራኮማ ሳምንትም ልጆቹ በእንጨት መለኪያ ቁመታቸው እየታየ ለትንንሾቹ አዚትሮማይሲን በሽሮፕ ይሰጥ ነበር። ይህ ሁሉ እምነቴን ያጠነክርልኛል፤ ችግሩ ከሰው ጉሮሮ ይልቅ በመድኃኒቱ ቅርጽና በአሰጣጡ ላይ ነበር።

ለአዋቂስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የጀርመን ሃይድልበርግ ተመራማሪዎች በ151 ሰዎች ላይ ሁለት ዘዴ ሞክረው ነበር፤ ሁለቱም በቡሬ ገበያ ዳር እንኳ የሚሠሩ ናቸው። ለደረቅ ክኒን የሚበጀው የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ነው፤ እኛ ሃይላንድ የምንለው። ክኒኑ ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ከንፈር የጠርሙሱን አፍ ግጥም አድርጎ ይይዛል፣ አንገት ቀና ይላል፣ ውኃው ሳይፈስስ እየተመጠጠ ይዋጣል። ጠርሙሱ እየተጨመደደ ይሄዳል። ለካፕሱል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ካፕሱል ውኃ ላይ ይንሳፈፋልና አንድ ጉንጭ ውኃ ይዞ፣ አገጭን ወደ ደረት ደፍቶ መዋጥ። ካፕሱል ሲሰጠው ሰማይ የሚያይ ሰው መንገዱን እያበላሸ ነው። በመጀመሪያው ዘዴ ከመቶ 60፣ በሁለተኛው ወደ 89 የሚሆኑት ቀለል ብሏቸዋል።

የቤታችን ብልኃትም የሚናቅ አይደለም። ክኒኑን በሙዝ ወይም በማር ማንኪያ ማውረድ ለብዙ ሰው ይሠራል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። እርጎ ለኮአርተም ወዳጅ ነው፣ ለሲፕሮፍሎክሳሲን ጠላት ነው፤ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀርበታል። ተልባ ቢያንሸራትትም መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ጊዜ ሊያጓትት ስለሚችል ከክኒን ጋር ባይሆን ይሻላል። ዶክሲሳይክሊንን ያለ በቂ ውኃ ውጦ ወዲያው መጋደም የምግብ ቱቦን ያቆስላል፤ ማታ በጨለማ ያለ ውኃ የዋጠ ገበሬ ደረቱ ሲቃጠል የሚያድረው በዚህ ነው። ደቆ የሚወሰድ አለ፣ ሲደቅ የሚበላሽ ወይም የሚጎዳም አለ፤ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉትን ከፍቶና ፈጭቶ መውሰድ ጥቅማቸውን ያጠፋል። ይህን የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው፤ እሱ ግን ካልተጠየቀ አይናገርም፣ ሰልፉም ረጅም ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጉዳዩ ክብደት ጨምሯል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ እስከ ኦክቶበር 20 ቀን ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ወደ ጤና ኬላ መድረሱ ራሱ ዕድል ነው። ያ በመከራ የደረሰ ክኒን ጓሮ ተተፍቶ ሲቀር ኪሣራው የበሽተኛው ብቻ አይደለም።

መድኃኒት የምታድሉ ወንድሞችና እህቶች፣ «በቀን ሁለቴ» ከማለታችሁ በፊት «ክኒን መዋጥ ይቸግርዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ክኒን ፊታችሁ እንዲውጡት ውኃ አቅርቡ። እናንተም ክኒን የሚቸግራችሁ አትፍሩ፣ አትደብቁ፤ ሽሮፕ ወይም የሚሟሟ ካለ ጠይቁ። እንጀራውም ጭምር ጉሮሮ ላይ እየቀረ ሳምንታት ካለፉ ግን ማርም ሃይላንድም አይፈታውምና ወደ ሆስፒታል ሂዱ።