ፈረስ፣ ክብደትና የውርርድ ሒሳብ



አርሲ ተወልዶ ላደገ ሰው ስለ ፈረስ ማውራት ለቀባሪው አረዱት ነው። ከጭላሎ ግርጌ አንስቶ እስከ በቆጂ ድረስ ገበያ የሚኬደው፣ ሙሽራ የሚታጀበው፣ ለቅሶም የሚደረሰው በፈረስ ነበር፤ በገጠሩ ዛሬም አልቀረም። እዚህ አሰላ ከተማም ቢሆን ባጃጅ መጥቶ ቦታውን እስኪወስድበት ድረስ በጋሪ ያልሄደ ሰው ማን አለ? ስለዚህ የፈረስን ነገር ላስተምራችሁ አይደለም ብዕሬን ያነሳሁት። ጉዳዬ ሌላ ነው፤ ይኸውም ፈረስንና ገንዘብን አንድ ላይ ያሰረው ውርርድ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በመጠኑ ለመግለጽ ነው።

ለዚህም ያነሳሳኝ ምክንያት አለ። ልጆቻችን ዛሬ የሚቆርጡት የአሥር ጨዋታ የእግር ኳስ ቲኬት አባቱ ፈረስ ነው። በየቤቱ «ቁማር ነው፣ ተው» ይባላል። ልጁ ግን ሒሳብ ያቀርባል፤ በ20 ብር ይህን ያህል ሺህ ይገኛል ይላል። ሒሳብ ላቀረበ ልጅ ቁጣ ምን ያደርግለታል? መልሱ ያው ሒሳብ ነው። እኔም ዕድሜዬን በሙሉ የደሞዝ መዝገብ ስደምርና ስቀንስ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ሥራ ለራሴ ሰጠሁ።

ውርርድ የሚለው ቃል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በድሮ ዘመን በሙግት ጊዜ ባላጋራዎች በዳኛ ፊት ቆመው ይወራረዱ ነበር፤ አንዱ በማር፣ ሌላው በበቅሎ፣ የባሰበትም በፈረስ። የተረታው ሰው የተወራረደበትን ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለረታው ሰው አልነበረም፤ ለዳኛው ነበር እንጂ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ወደ በኋላ ትመጣለች።

ፈረስ ራሱ በኛ ዘንድ ከገንዘብ ይልቅ የስም ነገር ነበር። ጀግናው የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የአርሲ ፈረሰኛም ከ1874 ዓ.ም. ጀምሮ በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ እስከሆነው እስከ አዙሌ ጦርነት ድረስ የራስ ዳርጌን ጠመንጃ በጦርና በጋሻ የተቋቋመው በፈረሱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። በሰላም ጊዜ ደግሞ ጉግስ አለ። አዲስ አበባ ጃንሜዳ የጉግስም የእሽቅድምድምም ሜዳ ነበር፤ የሌጋሲዮን ፈረንጆችም እዚያው ፈረሶቻቸውን ያሽቀዳድሙ ነበር። በአገው ምድር ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። በነዚህ ሁሉ ላይ የሚገኘው ትርፍ ሙገሳ ነው፤ ያሸነፈ ይፎክራል፣ የተሸነፈ ለከርሞ ይዘጋጃል።

ፈረስ የሚያውቅ ሰው ፈረስ ሲገዛ እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ። ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ይቆጥራል፣ ኮቴውን አንስቶ ያያል፣ የደረቱን ስፋትና የአፍንጫውን ቀዳዳ ይመለከታል። ከዚያ ሽቅብ አስጋልቦት ሲመለስ ትንፋሹ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚረጋ ጠብቆ ያዳምጣል። ዳማ ነው ቦራ ነው የሚለው የመልክ ጨዋታ ኋላ የሚመጣ ነው። የጋላቢውም ክብደት አይዘነጋም፤ ቀጭን ልጅ የተቀመጠበት ፈረስ ወፍራም ባላባት ከተሸከመው ጋራ እኩል እንደማይቆጠር ሕፃን ያውቀዋል። እንግሊዞች ከዚህች ከመጨረሻዋ ነገር ተነስተው ነው ትልቅ ደንብ ያወጡት።

ደንቡ ሃንዲካፕ ይባላል። ቃሉ «እጅ በቆብ ውስጥ» ከሚል የጥንት ጨዋታ የመጣ ነው፤ ሁለት ሰዎች ዕቃ ሲለዋወጡ አንድ ሽማግሌ መካከላቸው ተቀምጦ የዋጋውን ልዩነት ይቆርጣል፣ እነሱም እጃቸውን ቆብ ውስጥ ከትተው ሲያወጡ መስማማት አለመስማማታቸው ይታወቃል። በፈረስም ላይ እንደዚሁ ሽማግሌ ተቀመጠ። ብርቱው ፈረስ ከባድ ይጫናል፣ ደካማው ቀላል ይጫናል። ጋላቢው ከነኮርቻው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ የጎደለው ኪሎ በእርሳስ ተሞልቶ ከኮርቻው ጋራ ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ1791 አስኮት በሚባለው ሜዳ ኦትላንድስ የተባለው እሽቅድምድም በዚህ ደንብ ተካሂዶ ስሙ ገነነ። ከ1855 ጀምሮ ደግሞ ሄንሪ ሩስ የሚባሉ አድሚራል የመንግሥት ሳይሆን የእሽቅድምድሙ መዛኝ ሆነው ተሾሙ፤ የፈረሱን ዕድሜ ከርቀቱና ከወሩ ጋራ እያዛመዱ የክብደት ሠንጠረዥ አወጡ። የመዛኙ ምኞት ምንድር ነው ቢባል ፈረሶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ መድረሻው ላይ እንዲገቡ ነው። እንግዲህ አስቡት! እናንተ ጥሩውን ፈረስ ለመለየት ስትደክሙ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ደሞዝ እየተከፈለው ልዩነቱን ሊያጠፋ ይደክማል። የውርርዱ ሰው ከሽማግሌው ጋራ ነው የሚታገለው ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ አውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ይኖራል። እዚያ ከ1861 ጀምሮ የሜልቦርን ዋንጫ የሚባል ሃንዲካፕ በየዓመቱ ይሮጣል፤ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ ማክሰኞ ለፈረስ ተብሎ ሥራ ይዘጋል። በ1890 ካርባይን የሚባል ፈረስ 66 ኪሎ ያህል ተጭኖ ከሌሎች 38 ፈረሶች ጋራ ሮጦ አሸነፈ። ሁለተኛ የወጣው የተጫነው ግን 42 ኪሎ ያህል ብቻ ነበር። ልዩነቱ ሩብ ኩንታል ገደማ ነው፤ ሩብ ኩንታል ስንዴ ተጨማሪ ተሸክሞ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ማለት ነው። ፋር ላፕ የሚባለው ዝነኛ ፈረስ ደግሞ በ1930 አሸንፎ በማግሥቱ ዓመት 68 ኪሎ ቢጭኑበት ስምንተኛ ወጣ። ሽማግሌው ቀናው! ያ ፈረስ በ1932 ሲሞት ቆዳው ለሜልቦርን ሙዚየም፣ አጽሙ ለኒውዚላንድ፣ ልቡ ለካንቤራ ተከፋፈለ። የእህቴ ልጅ ቆዳውን ሄዶ አይቶታል። አንድ ሟች በሦስት ቦታ! የኛ እድር ቢሆን ድንኳኑን የት እንደሚተክል ይቸግረው ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። በጥንቱ አሠራር ተወራራጁ ከአስያዥ ጋራ ዋጋ ተነጋግሮ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ጆሴፍ ኦሌ የሚባል ሰው (በኋላ ሙላን ሩዥ የሚባለውን ዝነኛ የጭፈራ ቤት የከፈተው ነው) ሌላ ዘዴ አመጣ፤ የሁሉም ተወራራጅ ገንዘብ ባንድ ቋት ይገባል፣ የአዘጋጁ ድርሻ ይቀነሳል፣ የቀረው ላሸነፉት ይከፋፈላል። በምሳሌ ልንገራችሁ። በቋቱ 10,000 ብር ገባ እንበል። አዘጋጁ ከመቶ 20 ቢወስድ 8,000 ብር ይቀራል። ሰው ሁሉ በሚያምንበት ፈረስ ላይ 5,000 ብር ተይዞ ከሆነና እሱ ካሸነፈ ለእያንዳንዱ ብር የሚደርሰው 1 ብር ከ60 ሳንቲም ነው። ማንም ባላሰበው ፈረስ ላይ የተያዘው 200 ብር ብቻ ከሆነ ግን አንዱ ብር 40 ብር ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ጥሩውን ፈረስ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሕዝቡ ያላወቀውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ድምር በእጅ መሥራት ከባድ ስለነበረ ጆርጅ ጁሊየስ የሚባል መሐንዲስ የሚደምር መኪና ሠራ፤ መጀመሪያ ያሰበው ለምርጫ ድምፅ መቁጠሪያ ነበር፣ መንግሥት አልፈልግም ሲለው ለፈረስ አዋለው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኒውዚላንድ ኦክላንድ ላይ ሥራ ጀመረ። የድምፁ መቁጠሪያ ገበያ አጥቶ የፈረሱ መቁጠሪያ መክበሩ የሰው ልጅ ነገር ሁሌም የሚገርም ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ባንድ ቲኬት ብዙ ነገር መገመት የተስፋፋው። ፈረንሳዮች በ1954 ቲየርሴ የሚባለውን፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚገቡትን የሚያስገምተውን አወጡ። እሱም ባሕር ተሻግሮ ምዕራብ አፍሪካ ገባ፤ የቡርኪና ፋሶና የማሊ ሰው በዓይኑ አይቶት በማያውቀው የፓሪስ ፈረስ ላይ ይወራረዳል። እኛ ጎረቤት ኬንያም ንጎንግ በሚባለው የናይሮቢ ሜዳ ፈረስ ይሮጣል። የዕለቱን እሽቅድምድሞች አያይዞ መገመት ደግሞ የሁሉም ቁንጮ ነው፤ የስድስት እሽቅድምድም አንደኞችን በሙሉ ባንድ ቲኬት መገመት ማለት ነው።

ባለሙያው ይህን እንዴት ያቅዳል? በመጀመሪያ የዕለቱን ፕሮግራም አንብቦ እያንዳንዱን ፈረስ ይመረምራል፤ ባለፉት ጊዜያት ስንተኛ ገባ፣ ርቀቱ ስንት ነበር፣ ሜዳው ጭቃ ነው ወይስ ደረቅ፣ ያኔ ስንት ኪሎ ተጭኖ ነበር፣ ዛሬስ ስንት ጫኑበት፣ ጋላቢው ማን ነው ይላል። ቀጥሎ ቲኬቱን ይቆጥራል። በየእሽቅድምድሙ 10 ፈረስ ቢኖር የስድስቱ አንደኞች ሊገጣጠሙ የሚችሉበት መንገድ 1,000,000 ነው። በያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፈረስ የያዘ ሰው 64 ቲኬት ይገዛል። ሦስት ሦስት ከያዘ 729፣ አራት አራት ከያዘ 4,096። አያችሁ፣ አንዲት ፈረስ በጨመሩ ቁጥር ወጪው እንዴት እንደሚፈነዳ! ቲኬቱ 10 ብር ቢሆን ሦስት ሦስት ለመያዝ 7,290 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ ብልሁ ሰው በጣም ያመነባቸውን ሁለት እሽቅድምድሞች መርጦ አንድ አንድ ፈረስ ብቻ ይይዛል፤ በቀሩት አራት፣ መዛኙ በደንብ ባስተካከላቸው፣ ሦስት ሦስት ይይዛል። ይህ 81 ቲኬት፣ 810 ብር ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ ፈረሶች እንደ ድንኳን ምሰሶ ናቸው፤ አንዱ ከወደቀ ግን ሁሉም ይወድቃል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ አሠራር አንድ የሚያስመሰግን ነገር አለ። ስድስቱን እሽቅድምድም ለየብቻ እየተወራረደ ያገኘውን እያንከባለለ የሚሄድ ሰው፣ አዘጋጁ በያንዳንዱ ከመቶ 20 ቢወስድ፣ ከመቶ ብር በመጨረሻ በአማካይ የሚቀርለት 26 ብር ገደማ ነው። ባንድ ቲኬት የያዘው ግን የሚቀነስበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከመቶ 25 እንኳ ቢወሰድ 75 ይቀራል። ያ የሙግቱ ዳኛ ትዝ አላችሁ? እዚህ ላይ ዳኛው የሚበላው አንድ ጊዜ ነው።

አሁን የልጆቻችንን ቲኬት እንመርምር። በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው የእግር ኳስ ውርርድ ቋት የለውም፤ ድርጅቱ ራሱ ዋጋ ቆርጦ ይሰጣል። ሁለት እኩል ቡድኖች ተጋጠሙ፣ አቻ የሚባል የለም እንበል። ትክክለኛው ዋጋ ለ1 ብር 2 ብር ነው። ድርጅቱ ግን 1 ብር ከ90 ይሰጣል። አሥር ሳንቲም ናት፣ ማን ያያታል? ልጁ አሥር ጨዋታ ደርድሮ 20 ብር ያስይዛል። ትክክለኛው ክፍያ 20,480 ብር ነበር። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን 12,262 ብር ነው። የጠፋው 8,218 ብር ነው፤ ያቺ አሥር ሳንቲም አሥር ጊዜ ተባዝታ የወለደችው ነው። ዳኛው በያንዳንዱ ጨዋታ ላይ አንድ ጊዜ በልቷል ማለት ነው። ልጁ 12,262ን ያያል፤ የጠፋውን የሚጽፍለት የለም። አሥሩም ሊገጥምለት የሚችለው ደግሞ ከ1,024 ጊዜ አንዴ ነው። በቀን አንድ ቲኬት ቢቆርጥ ተራው በአማካይ የሚደርሰው ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሲሆን፣ እስከዚያ የሚያወጣው 20,480 ብር ነው። እኔ ይህን ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለሰፈራችን ልጆች አሳይቻቸዋለሁ፤ አንዱ ልጅ በስልኩ መደመሪያ ደግሞ ሞክሮት «ጋሼ፣ ልክ ነው» አለኝ፣ ወረቀቱንም ይዞት ሄደ።

የእህቴን ልጅ በሜልቦርን ዋንጫ ቀን ምን ታደርጋላችሁ ብዬ ጠይቄው ነበር። በመሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛው ሁሉ እኩል 5 ዶላር ያዋጣል፣ የፈረሶቹ ስም በወረቀት ተቆራርጦ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፣ እንደ እቁብ ዕጣ ይወጣል። የተዋጣው ሳይቀነስ በሙሉ ዕጣው ለደረሰው ይሰጣል። የሱ ፈረስ ከመጨረሻዎቹ ጋራ ገባ፤ ገንዘቡን ያገኘችው ፈረስ በሕይወቷ አይታ የማታውቅ የጽዳት ሠራተኛ ናት አለኝ።