የአምባር ቦይ

ሕንድን የምናውቃት በአብዛኛው ከሲኒማ ቤት ነው። ቋንቋው ሳይገባን ዘፈኑን አብረን እናዜማለን፤ መብራቱ ሲበራ ግን ስለ አገሩ የምናውቀው ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ ዛሬ አንባቢያችንን ይዘን ወደ አንድ የሕንድ አውራጃ እንሂድ። ስሙ አውራንጋባድ ይባል ነበር፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። የሚገኘው ከቦምቤይ በስተምሥራቅ፣ ማራትዋዳ በሚባለው ድርቅ የማያጣው የማሃራሽትራ ክፍል ነው።

አውራጃው የታሪክ ድሃ አይደለም። ላሊበላን ያየ ሰው ኤሎራን ቢያይ አይገረምም ለማለት ያስቸግራል። የካይላሳ ቤተ መቅደስ በ8ኛው መቶ ዓመት ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የቡድሃ፣ የሂንዱና የጃይን ሃይማኖት ዋሻዎችም ጎን ለጎን ይገኛሉ። የፓይታን ሸማኔዎች የሐር ሳሪ በመላው ሕንድ የታወቀ ነው። እኛን የያዘን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የውሃ ጉዳይ።

ከተማውን በ1610 እ.ኤ.አ. ኻድኪ በምትባል መንደር ላይ የቆረቆረው ማሊክ አምባር ይባላል። የተወለደው በ1548 ገደማ፣ በኛው አገር ነው። በልጅነቱ ተሸጠ፤ በዓረብ አገርና በባግዳድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ ሕንድ ደረሰ። እዚያ የገዛው የአሕመድናጋር መንግሥት ዋና ሹም ቺንጊዝ ኻን ሲሆን፣ እሱም ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሺ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነፃ ወጣና ወታደር ማሰባሰብ ጀመረ። በ1600 ሞጉሎች የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ፣ እሱ ከንጉሡ ዘር አንዱን አንግሦ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ አገሩን በእጁ አስተዳደረ። የማራታ ፈረሰኞችን ይዞ በሌሊት አደጋ እየጣለ፣ ስንቅ እየቆረጠ ተዋጋ። ሞጉሎች በ1616 ኻድኪን አወደሟት፤ እሱ ግን መልሶ ሠራት። ንጉሠ ነገሥቱ ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ሊያጠፋው ቢያቅተው፣ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሣለ። እንዴ! በሥዕል መግደል ምን ይባላል?

ታዲያ የአምባር ትልቁ ሥራ ጦርነቱ አይመስለንም። ከከተማው በስተሰሜን ካሉት ኮረብቶች ሥር ያለውን ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይና በሸክላ ቧንቧ ወደ ከተማው አወረደው። መዘውር የለ፣ ሞተር የለ፤ ውሃው በቁልቁለቱ ብቻ እየተነዳ መስጊዱ፣ ገበያውና የሕዝቡ መቅጃ ድረስ ይደርስ ነበር። ሕዝቡም «ናሕሬ አምባሪ»፣ የአምባር ቦይ አለው።

አሁን ስሞቹን እንቁጠር። አምባር ሲሞት ልጁ ፋቴሕ ኻን ከተማውን በራሱ ስም ፋቴሕናጋር አለው። በ1653 ልዑል አውራንግዜብ በተራው በስሙ አውራንጋባድ አሰኘው። ዛሬ ደግሞ አውራንግዜብ ባስገደለው በማራታው ንጉሥ በሳምባጂ ስም ይጠራል። ጌታ በተለወጠ ቁጥር የበሩ ጽሑፍ ተፋቀ። የቦዩ ስም ግን እስከ ዛሬ ያው ነው፤ ማንም አዋጅ አውጥቶ ያልሰጠው ስም ነዋ!

አንዳንዶቻችን ይህን ስንሰማ «የኛ ሰው ሕንድን ገዛ!» ብለን ደረታችንን እንነፋለን። ቀስ እንበል። አንደኛ፣ ሕንድን አልገዛም፤ በደካን አንድ መንግሥት ከመውደቅ አቆየ እንጂ። ሁለተኛ፣ ከዚህ የሄደው መልእክተኛ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃ ሆኖ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቻፑ እንደነበረ ይነገራል፤ አምባር ብሎ የሰየመው የገዛው ጌታ ነው። እንግዲህ አራት መቶ ዓመት የኖረው የቦዩ ስም እንኳ የእናቱ ስም አይደለም። በሱ የምንኮራ ከሆነ፣ አብረውት ተሸጠው ቦይ ሳይቆፍሩ፣ ስም ሳይተዉ የቀሩትንም ልጆች መቁጠር ይኖርብናል። ኩራቱን ወስደን ዕዳውን ለዓረብ ነጋዴ ብቻ መተው ታሪክ አይባልም።

የታሪክ ተማሪዎች ነን። ለዕረፍት ወደየአውራጃችን ስንመለስ የገዢዎቹን ስም ዝርዝር እናገኛለን፤ እሱ ተጽፏል። ምንጩን ማን እንዳጎለበተው፣ ከመንደሩ ማን ተሽጦ እንደቀረ ግን ሽማግሌዎቹን ካልጠየቅን ማንም አይነግረን። እንጠይቅ።