የአውሮፕላን ድምፅና መታ መታ



ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ። «መምህር፣ አውሮፕላን በቤታችን ላይ ባለፈ ቁጥር ዛሬም ጠረጴዛ ሥር ግቢ ግቢ ይለኛል። ፊትን በጣት መታ መታ ማድረግ ፍርሃት ያስለቅቃል ይላሉ። እውነት ነው?»

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የማውቀውን ታሪኩን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፍርሃቱ። መቀሌ ላይ አውሮፕላን መፍራት ከመሬት ተነሥቶ የመጣ ፎቢያ አይደለም። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በቀዳማይ ወያነ ጊዜ፣ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የደርግ አውሮፕላኖች ሐውዜንን በገበያ ቀን ደበደቡ። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ አይደር ትምህርት ቤት ላይ ወድቆ ሕፃናትን ጨረሰ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ድብደባው በራሳችን ሰማይ ተመልሶ መጣ። አያት፣ እናትና ልጅ ያንኑ ድምፅ ሰምተው የሮጡበት ከተማ ነው።

አሁን ወደ መታ መታው። ሮጀር ካላሃን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ውሃ አጥብቃ የምትፈራ ታካሚ ነበረችው። ከዓመት በላይ ደከመባት፣ ለውጡ ጥቂት ነበር። አንድ ቀን ፍርሃቱ ሆዷ ላይ እንደሚሰማት ነገረችው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የጨጓራ መስመር ከዓይን ሥር ይጀምራል ይባላልና፣ ዓይኗ ሥር መታ መታ አደረገላት። እሱ እንደሚተርከው፣ ሴትዮዋ ወዲያው ተነሥታ ወደ መዋኛ ገንዳው ሄደች። ከእሱ የተማረው መሐንዲሱ ጌሪ ክሬግ በ1990ዎቹ ዘዴውን አቅልሎ አሰራጨው። ፍርሃትህን ከ0 እስከ 10 ትመዝናለህ፤ ስለ እሱ እያሰብክ ቅንድብህን፣ ዓይንህ ሥር፣ አገጭህን፣ ደረትህን መታ መታ ታደርጋለህ፤ ከዚያ እንደገና ትመዝናለህ።

ይሠራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት 119 ተማሪዎችን በአራት ከፈለ። አንዱ ቡድን ትክክለኛ የተባለውን ቦታ መታ፣ ሌላው ሌላ ቦታ፣ ሦስተኛው አሻንጉሊት! አራተኛው ምንም አልመታም። በሦስቱም በመቱት ቡድኖች ፍርሃቱ ቀነሰ፣ ባልመቱት አልቀነሰም። እንግዲህ ምስጢሩ ዓይን ሥር አይደለም ማለት ነው። የሚመስለው፣ ሰውየው እየተረጋጋ ከፍርሃቱ ጋር ፊት ለፊት መቆየቱ ነው። ይህን ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ በ1958 መጽሐፉ ቀድሞ አስተምሮታል፦ ቀስ በቀስ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

የራሴን ልጨምር። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ መቀሌ ተመልሶ መብረር ሲጀምር እህቴን ልቀበል ሄጄ ነበር። ድምፁን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ፣ መኪና ተደግፌ ቁጭ አልኩ። የማላውቃቸው አንዲት እናት ትከሻዬን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ «አጆኻ ዝወደይ» አሉኝ። የቦምቡ አልነበረም፤ እህቴን ያመጣው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ራቅ ብዬ ቆሜ ድምፁን እሰማ ጀመር። መታ መታም አድርጌያለሁ፣ አልዋሽም። ከ8 ወደ 3 ወረደልኝ። ያዳነኝ ግን ጣቴ ሳይሆን አለመሸሼ ይመስለኛል። 0 ይሁንልኝ አልልም፤ የአይደርን ሕፃናት መርሳት አልፈልግም።

ተማሪዬ፣ መልሴ ይኸው ነው። መታ መታው ካረጋጋሽ አድርጊው፣ ወጪ የለውም። እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ያየሽውን ደጋግሞ የሚያመጣብሽ ከሆነ ግን ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ሂጂ፤ ነውር የለውም። የድምፁ ብቻ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠዋት ነይ፣ አብረን እንቁም።

እናንተስ? የትኛው ድምፅ ነው ዛሬም የሚያስደነግጣችሁ?