ዶርሙን ማን ይንደፈው?

የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሊሠራ ሲታሰብ የሚጠየቁት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ገንዘቡን የሚለቅ፣ መሬቱን የሚፈቅድ፣ ፕላኑን የሚነድፍ፣ ኮንትራቱን የሚፈርም። እዚያ ውስጥ የሚያስተምረው መምህር፣ የሚማረውና የሚተኛው ተማሪ፣ ወለሉን የምትጠርገው ሠራተኛ የሚጠሩት ሪባን ሲቆረጥ ለማጨብጨብ ነው። ያውም ከተጠሩ። ይህ ግን የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የዓለም ልማድ ነው። ልማዱ ከተሰበረባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቤልጅየም ነው። እዚያም ቢሆን የሰበረው የአስተዳዳሪዎች ደግነት አልነበረም፤ ጠብ ነው።

የጠቡ መነሻ ደግሞ ቋንቋ ነው። ታሪኩን ከ1425 የሚቆጥረው የሉቨን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በፍሌሚሾች አገር ነው። ትምህርቱ ግን በፈረንሳይኛም በፍሌሚሽም ይሰጥ ነበር። ፍሌሚሾቹ ተማሪዎች «ዋሎኖች ይውጡ!» እያሉ አደባባይ ወጡ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1968 የአገሪቱን መንግሥት እስከ መጣል ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ተከፈለ። የቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍት ሳይቀሩ በመደርደሪያ ቁጥራቸው ተጋማሽና ኢ-ተጋማሽ እየተባሉ እንደ ውርስ ከብት መከፋፈላቸው እስከ ዛሬ ይወራል። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ወገን አብዛኛው ሉቨን-ላ-ኔቭ ወደተባለ አዲስ ከተማ ሲሄድ፣ የሕክምና ፋኩልቲው የደረሰው ብራስልስ ጫፍ ላይ ያለው ዎሉዌ ነው።

ለዎሉዌ የተዘጋጀው ፕላን ግዙፍ ሆስፒታልና በዙሪያው የተደረደሩ ሕንፃዎች ነበር። የተማሪዎቹ መኖሪያም በዚያው መንፈስ የተሳለ ነው። እነዚህ ተማሪዎች ግን የ1968ቱን ዓመፅ ያዩ ናቸው። ቀን ሙሉ ሆስፒታል ውለን ማታ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ አንተኛም አሉ። ተቃውመው ብቻም አልቀሩም፤ አርክቴክት መረጡ። ሉሲየን ክሮል የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተወለደ ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲው እሺ አለ። ተማሪው ጸጥ ይልልኛል ብሎ አስቦ ይሆናል። ካሰበም ሒሳቡ አልሠራለትም።

ክሮል ሥራውን የጀመረው ወረቀት ዘርግቶ አልነበረም። ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ ከፎም በተቆረጡ ቁርጥራጮች ሞዴል አሠራቸው። ምግብ ቤቱ ከየት ይሁን፣ ሱቁ ከመኝታው ምን ያህል ይራቅ፣ ሐሳቡ ሲለወጥ ቁርጥራጩ ይነሳና ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የራሱን ቢሮ ሰዎችም አንድ ሥራ ላይ ሙጭጭ እንዳይሉ ቦታ ያለዋውጣቸው ነበር። አንድ ሰው አንድን ጥግ «የእኔ ነው» ማለት ከጀመረ ውይይት እንደማይኖር ገብቶታል።

እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1976 ባለው ጊዜ የተሠራው ዋናው የተማሪ ቤት «ላ ሜሜ» ይባላል። ፎቶውን ላየ ሰው ያላለቀ፣ ወይም አሥር ቤተሰብ በየተራ የቀጠለው ቤት ይመስላል። መስኮቶቹ ልካቸውም ዓይነታቸውም የተለያየ ነው። ምሰሶዎቹ እኩል ርቀት ጠብቀው አልቆሙም፤ ክሮል ሆን ብሎ ነው ያዘበራረቃቸው። ምሰሶ እኩል እኩል ከቆመ ክፍሉም ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፣ ክፍሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነዋሪው እንደ ዕቃ የተደረደረ ነው ብሎ ያምን ነበር። የውስጥ ግድግዳዎቹ የሚነቀሉና የሚዛወሩ ናቸው። ግንበኞቹን ሳይቀር ጡቡን በገዛ እጃቸው እንዲቀርጹ ፈቅዶላቸው በግድግዳው ላይ የራሳቸውን ቅርጽ አውጥተዋል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ተማሪ ይማከር የሚል ብዙ አለ፤ ግንበኛው ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ግን ከስንት አንድ ነው። የሚያስቀው ደግሞ አጠገቡ ያለው፣ መስመሩን ጠብቆ የቆመው ክንፍ «ፋሺስቱ» የሚል ቅጽል ስም ተለጥፎበት መቅረቱ ነው።

መጨረሻው አላማረም። አስተዳደሩ የሚቆጣጠረው ነገር ከእጁ እየወጣ መምጣቱ አላስደሰተውም። ክሮል ተሰናበተ፤ ከተማሪዎቹ ጋር የለማውም የአትክልት ቦታ ተነቀለ። ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሟል። ክሮል ከዚያ በኋላም በዚያው ሰፈር አልማ የተባለውን የሜትሮ ጣቢያ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፈተ።

እዚህ ላይ ከበድ ያለ ጥያቄ ይነሳል፣ ያውም ትክክለኛ ጥያቄ። ተማሪ አላፊ ነው። አራት ወይም ስድስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፤ ሕንፃው ሃምሳ ዓመት ይቆያል። የዛሬው ተማሪ ለልጁ እኩያ በምን ሥልጣን ይወስናል? ለዚህ የተሻለውን መልስ የሰጡት ቤልጅየሞቹ አይመስሉኝም። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከራሱ ተማሪዎች ዓመፅ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አርክቴክቱን ክሪስቶፈር አሌክሳንደርን ጠርቶ ነበር። አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ትልቁን ማስተር ፕላን ጣሉና በምትኩ አሠራር አስቀመጡ። እያንዳንዱ ሕንፃ የሚጠቀሙበት መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች ባሉበት ቡድን ይታሰብ፤ ገንዘቡም ለአንድ ግዙፍ ሕንፃ ብቻ አይፍሰስ፣ ለትንንሹ ጥገናና ቅጥያም ይድረስ። ተማሪው ይሄዳል ለሚለው የሰጡት መልስ ቀላል ነው። የሚመጣው ሰው ከሄደው ጋር ይመሳሰላል፤ ተማሪ ያሰበበት ቤት ማንም ተማሪ ካላሰበበት ቤት ይልቅ ለሚቀጥለው ተማሪ ይስማማዋል። የተጠቃሚዎች ቡድን የሚባለው አሠራር በኦሪገን ሥር ሰዶ ቀርቷል። አሌክሳንደርና ክሮል ሁለቱም ያረፉት በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 ዓ.ም. ሲመረቅ ስድስት ኪሎ የገባው በስጦታ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ቤቱ ለንጉሥ የተሠራ ነበርና ማን ምን ይጠየቃል? የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እስከ ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ ይጎበኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓመታት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ፕሮግራም ሲገነቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥራውን የያዘው፣ በኋላ ጂአይዜድ የሆነው የጀርመኑ ጂቲዜድ ነበር። ፍጥነት ይፈለግ ስለነበር ተመሳሳይ ዲዛይን ከከተማ ከተማ ዞረ። ቆላውም ደጋውም አንድ ዓይነት ሕንፃ ደረሰው። ችኮላውን እረዳለሁ፤ ደጅ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ቆሞ ነበር። «ተማሪዎቹ ገና ሃይስኩል ናቸው፣ ማንን እንጠይቅ?» የሚለው ምክንያት ግን አይዋጥልኝም። ስድስት ኪሎና አምስት ኪሎ፣ ጅማና ሐሮማያ በተደራራቢ አልጋ ላይ የኖረ ሰው ሞልቶ ነበር። ልብስ የት እንደሚሰጣ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ማጥናት የሚፈልግ ልጅ የት እንደሚቀመጥ፣ መምህሩ ቢሮውን ከስንት ሰው ጋር ሲጋራ ተማሪ ማነጋገር እንደሚያቅተው ይነግራችሁ ነበር። ከላይብረሪ እስከ ሴቶች ዶርም ያለው መንገድ ማታ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያስፈራም እንዲሁ። እሷን ጠይቆ መብራቱን ሁለት ምሰሶ ወደ ግራ ማዛወር ፕላኑ ወረቀት ላይ ሳለ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ ጨረታ ይፈልጋል።