ጎንደር ያልተከራከረችበት ምሥጢር

ከፀሐይ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ዐይኑ ጨለምታውን እስኪለምድ ጥቂት መቆም አለበት። ከዚያ ጣሪያው ይገለጥለታል። በረድፍ በረድፍ የተሣሉ፣ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ፊቶች ክንፋቸውን ዘርግተው ቁልቁል ያዩታል። ጎብኚ ካሜራውን የሚያነሣው ወደ እነዚህ ነው። የአገሬው ምእመን ግን ፊቱን የሚያዞረው ወደ መቅደሱ ግድግዳ ነው። እዚያ፣ ከስቅለቱ ሥዕል በላይ፣ ሦስት ሽበታም አረጋውያን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ቀርቦ የሚያይ ሰው በሦስቱ መካከል ልዩነት ይፈልጋል፤ አያገኝም። ጢሙ ያው፣ ሽበቱ ያው፣ አስተያየቱ ያው ነው። አንዱ ከሌላው አይገዝፍም፤ አንዱ ከሌላው አያረጅም። በመልክ ብቻ አይቶ «ይህ አብ ነው፣ ይህ ወልድ ነው፣ ይህ መንፈስ ቅዱስ ነው» ማለት አይቻልም። ይህ የሠዓሊ ስንፍና አይደለም። በመጽሐፍ ያለውን ትምህርት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ በቀለም ማስተማሩ ነው፦ በአካል ሦስት፣ በክብር እኩል፣ በባሕርይ አንድ።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ናቸው፤ ዘመኑም 1694 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ክብ ሕንፃ በ1707 በመብረቅ ጠፋ፤ ዛሬ የምናየው ባለአራት ማዕዘን ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። በ1888 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ አመድ ሲሆኑ ይህኛው ቆመ። የአገሬው ሰው ያዳነው የንብ መንጋ ነው ብሎ ይተርካል።

በሥላሴ የማያምን ሰው ክርስቲያን ሊባል ይችላል? ጥያቄው ዛሬ በብዙ ወጣቶች አፍ ይሰማል። በአገራችን ክርስቲያን ነኝ የሚል፣ በኢየሱስ ስም ብቻ የሚያጠምቅ፣ የሥላሴን ትምህርት ግን የማይቀበል ማኅበር አለ፤ የኢትዮጵያ ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አንዷ ናት። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወት ደግሞ በሌላ ብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አንድ ነገር ላይ አብረው ይቆማሉ። ጥያቄውን ለመመዘን ግን ስለ እምነት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ስትሟገት ከኖረች ከተማ የተሻለ ሚዛን አይገኝም።

ከአክሱም የመጣ ጥያቄ

ጥያቄው ከጎንደር ይቀድማል፤ ወደዚህ አገር ከክርስትናው ጋር አብሮ ገብቷል። በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ሲሉ አርዮስን አወገዙ። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ የሾመው የአርዮስ ዋነኛ ተቃዋሚ የነበረው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነው። በኋላ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ልጅ፣ ቆንስጣንዮስ፣ ወደ አርዮሳውያን አዘነበለ፤ አትናቴዎስንም ከመንበሩ አሳደደ። በ356 ገደማም ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ፤ ፍሬምናጦስን ወደ ግብፅ መልሱልኝ፣ በአዲሱ ጳጳስ በጊዮርጊስ ዘንድ እምነቱ ይመርመር የሚል። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስለገለበጠው ዛሬም ይነበባል።

እንግዲህ ኢትዮጵያ ክርስትናን በተቀበለች በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ የዓለሙ ኃያል ንጉሥ «የማን ሥላሴ?» ብሎ ጠየቃት። መልሷ በድንጋይ ላይ ይገኛል። ኢዛና በግእዝ ባስቀረጸው አንድ ጽሑፍ ድሉን የሰጠውን የሰማይ ጌታ ብሎ ይጠራዋል። በግሪክኛ በተቀረጸ ሌላ ድንጋይ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ለይቶ በስም ይጠራል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ከአትናቴዎስ ጎን እንደቆመች ቀረች።

ከዚያ በኋላ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ያልነካው ነገር የለም። የመሬት ስጦታው በእርሱ ይጀምር ነበር፤ የነገሥታት ደብዳቤም እንዲሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጀመሪያው ምሥጢረ ሥላሴ ነው። ሥጋዌው፣ ጥምቀቱ፣ ቁርባኑ፣ ትንሣኤ ሙታኑ ተከትለውት ይቆማሉ። ዓምድ ሲነሣ ቤቱ ምን እንደሚሆን ቤት የሠራ ሁሉ ያውቃል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ስለ ሥላሴ አካላት ደቂቀ ዘሚካኤል ከተባሉት ወገኖች ጋር የተሟገቱት ለዚህ ነው።

ሦስት ወገን፣ አንድ መነሻ

የጎንደር ሙግት የተፀነሰው ከተማዋ ሳትቆረቆር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ስብከት በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበሉ። አገር ታመሰ፤ ወይና ደጋ ላይ የወንድማማች ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ፤ ፈረንጆቹንም አስወጡ። ፈረንጆቹ ያነሡት ጥያቄ ግን አብሯቸው አልወጣም። የሐዋርያት ሥራ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ይላል። ወልድ አምላክ ከሆነ፣ መለኮትና ትስብእትም በተዋሕዶ አንድ ከሆኑ፣ መቀባቱ ለምን አስፈለገ? ቀባው ማለትስ ምን ማለት ነው?

በዚህ ላይ ሊቃውንቱ ተከፈሉ። በጎጃም የበረቱት ቅብዐቶች፣ ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። ተዋሕዶዎቹ የለም፣ በራሱ በተዋሕዶ ከበረ አሉ፤ በኋላም ካራ የሚል ስም ወጣላቸው። ከደብረ ሊባኖስ ወገን የጸና ሌላው ደግሞ ከአብ ከተወለደው ቀዳማዊ ልደት፣ ከድንግል ከተወለደው ደኃራዊ ልደት ሌላ፣ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልደት አለው አለ፤ ጸጋ ወይም ሦስት ልደት የተባለው ይህ ነው።

በቀዳማዊ ዮሐንስ፣ በቀዳማዊ ኢያሱና በተከታዮቻቸው ዘመን ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተደረገ። ጳጳሱ ከአቡን ቤት፣ እጨጌው ከእጨጌ ቤት ይመጣሉ፤ መነኮሳቱ በየወገናቸው ይሰለፋሉ፤ ሙግቱ ሲያበቃ የረታው ወገን ሃይማኖት በነጋሪት ይታወጃል። ንጉሥ ሲለወጥ አዋጁም ይገለበጣል። የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ቅብዐትን ደገፉ። በዳዊት ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1721 ገደማ፣ ቅብዐት ዳግም ሲታወጅ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አሻፈረኝ አሉ፤ የንጉሡ ወታደሮችም እዚያው ጎንደር ውስጥ ብዙዎቹን ፈጁ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቅብዐቱም፣ ካራውም፣ ጸጋውም ለሙግት ሲነሣ አስቀድሞ አማትቦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ማለቱ ነው። አንዱ ሌላውን መናፍቅ ብሎ አወገዘ፤ አንዱም ግን የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት አልካደም። ሙግታቸው ራሱ ያለ ሥላሴ ትርጉም የለውም፤ ቀቢው ማን፣ ተቀቢው ማን፣ ቅባቱስ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሦስቱን አካላት አምኖ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ጥያቄ ነው። ሁሉን ለሙግት ባቀረበች ከተማ አንዱ ነገር ለሙግት አልቀረበም። ክርስቲያን መሆን የሚጀምረው ከዚያ ነበርና።

በሰሜን ተራሮች ሥር

የክርስትና ደጃፍ የት እንዳለ ለማወቅ ከደጃፉ ውጭ ያለውን ጎረቤት ማየት ይረዳል። ከጎንደር ወጣ ብሎ በወለቃ፣ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ ባሉ መንደሮች ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። እንደ ክርስቲያኑ በኦሪት ያምናሉ፤ በግእዝ ይጸልያሉ፤ መነኮሳትም ነበሯቸው። ጦምና መሥዋዕት፣ አብርሃምና ሙሴ የጋራ ናቸው። በጎረቤታሞቹ መካከል የቆመው ድንበር የክርስቶስ አምላክነትና ሥላሴ ነበር።

በ1862 ገደማ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በቤተ እስራኤል መንደር ሲሰብኩ ነገሩ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ደረሰ። በቤተ እስራኤል ዘንድ የቆየ ትረካ ካህናቶቻቸው ከንጉሡ ፊት ቀርበው፣ አምላክ አንድ ነው ወይስ ሦስት በሚለው ላይ እንደተሟገቱ ይናገራል። በዚያው ዓመት አባ ማኅሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝባቸውን ይዘው ወደ ተስፋይቱ ምድር እንሄዳለን ብለው በእግር ተነሡ። ብዙዎች በመንገድ በረሃብና በበሽታ አለቁ። አባ ማኅሪ ሥላሴን አልተቀበሉም፤ ክርስቲያን ነኝም አላሉም። ድንበሩን ከእኛ ሊቃውንት ባላነሰ ጥራት ያውቁት ነበር።

ቴዎድሮስ ራሳቸው የነገሡት በእነዚሁ ደጋዎች ነው። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1855፣ ውቤን ድል ካደረጉ በኋላ የዘመኑ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ዘውዱን ጫኑላቸው። ጳጳሱንም በ1841 ከግብፅ ያስመጡት እኚሁ ውቤ ነበሩ። ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው አንድ ዓመት ቀድሞ በአምባ ጫራ ጉባኤ ከአቡኑ ጋር ሆነው የካራን ተዋሕዶ አውጀዋል። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በሥላሴ ስም ይጀምራል። ከአራት ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1866፣ የእኚሁ ንጉሥ ሠራዊት ጎንደርን ዘረፈ፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። በ1878 በቦሩ ሜዳ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጸጋን ትምህርት አስወገዙ፤ ከተረቱት አንዳንዶቹ ምላሳቸው ተቆረጠ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። በሥላሴ ስም፣ ያለ ፈቃድ።

ግድግዳው ላይ ያለው ትምህርት

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴን አልሸሽግም። በሥላሴ ማመን ከክርስትና ላይ ተነሥቶ ክርስትናው እንዳለ የሚቀር ጌጥ አይደለም። ኢየሱስን ጌታ ብሎ መጥራት፣ አባቱን አባታችን ማለት፣ መንፈሱን መቀበል፣ ሦስቱም ወደዚያው ይወስዳሉ። የአክሱም ድንጋይ፣ የጎንደር ጉባኤ፣ የአባ ማኅሪም እምቢታ ይህንኑ ይመሰክራሉ። አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን የማይለይ ሰው ቅን፣ ጸሎተኛ፣ ከብዙዎቻችን የተሻለ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ አባቶቻችን ክርስትና ብለው የተቀበሉት ግን ሌላ ነው። ይህን በፍቅር ቃል መናገር ይቻላል፤ መሸፋፈን ግን ለማንም አይበጅም።

የጎንደር ታሪክ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። መነኮሳቱን የገደለውም፣ የተገደሉትም አንድ ሥላሴን ያምኑ ነበር። አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው ሠራዊት ንጉሥ ደብዳቤውን በሥላሴ ስም ይጀምር ነበር። እንግዲህ ማመን ያስፈልጋል ካልን፣ ምን ዓይነት ማመን እንደሆነም መጠየቅ ግድ ይለናል። በአብነት ትምህርት ቤት ሊቁ ምሥጢሩን ሲያስረዳ ፀሐይን ያነሣል፦ ክበቡ፣ ብርሃኑ፣ ሙቀቱ ሦስት ናቸው፤ ፀሐይ ግን አንድ ነው። የሰውን ነፍስም ያነሣል፦ ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ። አንዱ ሌላውን አይጥለውም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይኖርም። ሠዓሊው በደብረ ብርሃን ግድግዳ ላይ ያኖረው ይኸው ነው፤ እኩል ክብር ያላቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይጋፋ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሦስት። ሥዕሉም ያለው ከተሰቀለው በላይ ነው፤ ወደ ሥላሴ ቀና የሚል ዐይን በመስቀሉ ላይ ያልፋል። ነጋሪት ያስመቱ ነገሥታት ለሥላሴ ሰገዱ፤ የሰገዱለትን እኩል ክብር ግን ለጎረቤታቸው አልሰጡም።

ይህን ትምህርት ከጉባኤው ይልቅ የጠበቁት እናቶች ይመስሉኛል። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳል። ካህኑ ሕፃኑን ይዞ ሦስት ጊዜ ውኃው ውስጥ ይነክረዋል፤ አንድ በአብ፣ አንድ በወልድ፣ አንድ በመንፈስ ቅዱስ። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ውኃው ከጸጉሩ ይንጠባጠባል፤ ማተቡ በአንገቱ ይታሠራል። በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው አያት በነጠላዋ ተቀብላ ትጠቀልለውና «ቅድስት ሥላሴ ያሳድጉህ» ትለዋለች። ቅድስት ብላ እንደ እናት ትጠራቸዋለች፤ ቤተ ክርስቲያንም ሥላሴን ቅድስት የምትለው እንደ እናት ስለሚራሩ ነው ብላ ታስተምራለች። ያሳድጉህ ብላ ሦስትነታቸውን ትመሰክራለች። ምርቃቱ ግን አንድ ነው፤ የሚቀበለውም ሕፃን አንድ ነው። ጎንደር ብዙ ጉባኤ ጠርታለች፤ ይህች ሴት በነጠላዋ እርጥብ ሕፃን አቅፋ የተናገረችው ሃይማኖት ግን ማንንም አላስገደለም።