በሰው ወርቅ

በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሌላውን ገንዘብ ስቆጥር «በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው ብሂል ዘወትር ትዝ ይለኛል። የብሂሉን እውነት በራሱ ላይ ያየ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በአሜሪካ፣ በማያሚ ከተማ አለ፤ ስሙ ደብልዩ ኤስ ቪ ኤን ይባላል።

ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ ሲጀምር የታላቁን የኤንቢሲን ዝግጅት ተቀብሎ ለከተማው የሚያደርስ አጋር ነበር። በ1987 ግን ኤንቢሲ እዚያው ማያሚ ውስጥ ሌላ ጣቢያ ገዛ፤ ከ32 ዓመት በላይ የቆየው ዝምድናም በ1989 የመጀመሪያ ቀን አከተመ። አዲሱ አጋር ፎክስ ገና ጨቅላ ነበርና በሳምንት ከጥቂት ምሽቶች ያለፈ ዝግጅት አልነበረውም። ባለቤቱ ኤድመንድ አንሲን ባዶውን ሰዓት በከተማው ዜና ሞሉት፤ ጣቢያውም ቆመ።

እርግጥ የራስ ወርቅም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። የወንጀል ዜናው ከመብዛቱ የተነሣ በ1994 አንዳንድ ሆቴሎች ጣቢያውን እንግዶቻቸው እንዳያዩት አግደው ነበር። ይሁን እንጂ በ2017 የአንሲን የቦስተን ጣቢያም ኤንቢሲን ባጣ ጊዜ መውጫው ያው የከተማው ዜና ሆነ።

እኔም ማታ የቆጠርኩትን ሁሉ አስረክቤ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ቤት ገብቼ የምጽፋት ግጥም ግን፣ ደካማም ብትሆን፣ የራሴ ናት።